በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ እና ካሳው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስድስት ዓመት በአንድ ክር ፋብሪካ የሠራተኛ ማኅበር ተጠሪ ነበርኩ። እጁን ማሽን የያዘው ሰው ሲመጣ ወረቀት መሙላቱ አያስቸግረኝም ነበር። ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ ያየ ሰው አለው። የሚያስቸግረኝ ሳል ይዞ የሚመጣው ነው። "መቼ ጀመረህ?" ስለው ግራ ይገባዋል። "እኔ እንጃ፣ ቆይቷል" ይላል። ብዙ ጊዜ ካሳው ውሃ የሚበላው እዚያችው ላይ ነው፤ ሕጉ ስለሌለ ሳይሆን በሽታው ቀንና ወረቀት ስለሌለው። ዛሬም በቴሌግራም የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ከዚሁ አይርቁም፣ ስለዚህ ሰብስቤ ልመልሳቸው። የምጠቅሰው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ነው። ጠበቃ አይደለሁም። ክስ ለመክፈት የወሰነ ሰው ጠበቃ ያነጋግር።

በሽታ ደግሞ እንዴት "የሥራ ላይ ጉዳት" ይባላል? ጉዳት ማለት አደጋ አይደለም እንዴ?

አይደለም። በአዋጁ የሥራ ላይ ጉዳት ሲባል ሁለቱንም ነው፤ በሥራ ላይ የሚደርሰውን አደጋም፣ በሥራ ምክንያት የሚመጣውንም በሽታ። መብታቸው አንድ ነው። በሽታው ከምትሠራው የሥራ ዓይነት ወይም ግዴታህ ሆኖ ከምትውልበት ቦታ የመጣ መሆን አለበት። የጥጥ ብናኝ ያፈነው ሳንባ፣ የድንጋይ ወፍጮ አቧራ ያደረቀው ሳንባ፣ የሽመና ማሽን ጩኸት ያደነቆረው ጆሮ፣ የአበባ እርሻ ፀረ ተባይ የመረዘው ሰውነት፣ ባትሪ ቤት ሲሠራ ደሙ ውስጥ እርሳስ የገባበት ልጅ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይወድቃሉ።

ሰኞ ሰኞ ደረቴን ያፍነኛል፣ ወደ ሐሙስ ዓርብ ይሻለኛል። ፎርማኑ "የእሁድ ድግስ ነው" ይለኛል። ምንድን ነው?

እህቴ፣ ጥጥ ላይ የምትሠሪ ከሆነ ይሄ ቀልድ አይደለም። ቢሲኖሲስ የሚባል በሽታ አለ። ከጥጥ፣ ከተልባ እግር ጭረትና ከመሳሰሉት ብናኝ ይመጣል። ጠባዩ ለየት ያለ ነው፤ ሰውየው አርፎ ሲመለስ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይብስበታል፣ ሳምንቱ ሲገፋ ለቀቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ሰው ስንፍና ይመስለዋል። ዓመታት ሲያልፉ ማክሰኞንም ረቡዕንም ይይዛል፣ በመጨረሻ የዕረፍት ቀን እንኳን አይለቅም። ያኔ መድኃኒት ብዙ አይመልሰውም።

አንዲት እናት ነበሩ እኛ ጋ፣ ጥጥ የሚበጠርበት ክፍል ውስጥ። ሰኞ ጠዋት ደህና ሆነው ይገባሉ፣ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ሻርፓቸውን ከአንገታቸው ሲያላሉ ታያቸዋለህ። ከዚያ መስኮት ፍለጋ ይሄዳሉ። የፋብሪካው ክሊኒክ ካርዳቸው ላይ አሥራ አንድ ጊዜ "ብሮንካይት" (የመተንፈሻ ቧንቧ ብግነት) ተብሎ ተጽፏል፣ አሥራ አንድ ጊዜ አሞክሳሲሊን ተሰጥቷቸዋል። አንድ ቀን ከሰዓት ካርዱንና የግድግዳ ካሌንደሩን ጎን ለጎን አድርገን ቀኖቹን አየን። ዘጠኙ ወይ ሰኞ ነው ወይ የበዓል ማግስት። ብሮንካይት ካሌንደር አያነብም። ያቺን ገጽ ኮፒ አድርገን ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ይዘን ሄድን። እዚያ ያሉት ሐኪም በሚነፋው ማሽን ትንፋሻቸውን ሰኞ ከሥራ በፊትና ከሥራ በኋላ ለኩት፣ ልዩነቱም ወረቀት ላይ ወጣ። ነገሩ የተጀመረው በዚያ ነው።

ሐኪሙ የበሽታውን ስም ብቻ ጻፈልኝ፣ ከሥራ ጋር ይገናኛል አላለም። አለቀልኝ ማለት ነው?

አላለቀም፣ ግን ተመለስ። ሰው ሲታመም ሐኪም ጋ ገብቶ "ያስለኛል" ብሎ ዝም ይላል፣ ውጪ ደግሞ ስልሳ ሰው ወረፋ ይዟል፣ ሐኪሙም ምን እንደምትሠራ ሳይጠይቅህ መድኃኒት ጽፎ ይሸኝሃል። አንተ ንገረው። ምን እንደምትሠራ፣ ስንት ዓመት እንደሠራህ፣ ምን እንደምትተነፍስ ወይም ምን እንደምትነካ፣ በዕረፍትህ ቀን ይሻልህ እንደሆነ፣ አብረውህ የሚሠሩት ሰዎች ተመሳሳይ ነገር እንዳላቸው። ካርዱ ላይ እንዲያሰፍረውም በትሕትና ጠይቀው። ፀረ ተባይ ከሆነ የጀሪካኑን ጽሑፍ በስልክህ ፎቶ አንሥተህ ሂድ። "አንድ ነጭ መድኃኒት ነው" ብትለው ሐኪሙ ምንም ማድረግ አይችልም። አንዳንዶቹ ፀረ ተባዮች የሚያደርሱት ጉዳት በደም ምርመራ ይታያል፣ ግን ቶሎ ካልተመረመርክ ምልክቱ ይጠፋል።

በሽታው ከሥራው የመጣ መሆኑን ማስረዳት ያለበት ማን ነው? እኔ ነኝ?

እንደ በሽታው ነው። አዋጁ በሥራ ምክንያት የሚመጡ በሽታዎች ሠንጠረዥ በመመሪያ እንዲወጣ ያዛል። የአንተ በሽታ በሠንጠረዡ ካለና አብሮት የተጻፈውን ሥራ ትሠራ ከነበረ ይኸው ራሱ በቂ ማስረጃ ነው፣ ሌላ አትጠየቅም።

በሠንጠረዡ ከሌለስ? ያኔም በሩ አልተዘጋም። ማስረጃ አቅርበህ ከሥራህ የመጣ መሆኑን ማሳየት ትችላለህ። ሰዎች የማያውቁት ሌላም ነገር አለ። በሽታው በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ የተሰማሩ ሰዎችን ብቻ ደጋግሞ የሚይዝ ከሆነ፣ አንተም ያን ሥራ ትሠራ ከነበረና በሽታው እንዳለብህ ሐኪም ካረጋገጠ፣ ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ ከሥራ እንደመጣ ይገመታል። ስለዚህ አብረውህ የሚሠሩ አምስት ሰዎች ተመሳሳይ ሳል ካላቸው አምስታችሁም ተመርመሩ። ብቻህን ስትሄድ "ሲጋራ ታጨስ ነበር፣ ቤትህ ውስጥ እንጨት ይነድዳል" ትባላለህ። አምስት ሆናችሁ ስትሄዱ የሁላችሁም ቤት እንጨት ነው ለማለት ይከብዳል።

ድርጅቱ "እኛ ጥፋት የለብንም፣ ማስክም ሰጥተናል" ይላል።

ጥፋት ኖረበት አልኖረበት፣ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ኃላፊ ነው፤ ሕጉ ጥፋትን ቅድመ ሁኔታ አላደረገም። ከኃላፊነት የሚወጣባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፦ ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ፣ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ ከገባ። ስለ ማስኩ እውነቱን እንነጋገር። ማስክ ከተሰጠህና አጠቃቀሙ ከተነገረህ ልበሰው፣ "ይሞቃል" ብለህ ኪስህ ውስጥ ከከተትከው ነገ ፍርድ ቤት የሚነሣው እሱ ነው። በሌላ በኩል የቀዶ ጥገና ማስክ ለሲሚንቶ አቧራ ሰጥቶ "መከላከያ ሰጥቻለሁ" ማለት መቀለድ ነው። የተሰጠህን ማስክ አንዱን አስቀምጠው፣ ለማስረጃ ይሆናል።

የሕመም ፈቃድ አስሞልተውኛል። ችግር አለው?

አለው። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህንን ያዙ።

ተራ የሕመም ፈቃድ ከሥራ ጋር ለማይገናኝ በሽታ ነው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። በድምሩ ስድስት ወር። በሥራ ምክንያት ለመጣ በሽታ ግን እስከ አንድ ዓመት ይከፈላል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ለቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ። ቀድመህ ከዳንክ ወይም ዘላቂ ጉዳት ተብሎ ካሳው ከተወሰነ ክፍያው እዚያው ላይ ይቆማል።

በብር እንየው። ደመወዝህ 8,000 ነው እንበል። በተራ የሕመም ፈቃድ 8,000 እና ሁለት ጊዜ 4,000፣ በጠቅላላ 16,000 ብር ታገኛለህ፣ ከዚያ ባዶ። በሥራ ላይ ጉዳት ግን ዓመቱን ሙሉ ታመህ ብትተኛ 24,000፣ 18,000 እና 24,000፣ በጠቅላላ 66,000 ብር ነው። አሁን የሰው ኃይል (ኤችአር) ክፍሉ ለምን ያኛውን ፎርም እንደሚያቀርብልህ ገባህ? ሁሉም ተንኮለኛ ነው አልልም፣ ብዙዎቹ ልዩነቱን ራሳቸው አያውቁትም። አንተ ግን "ከሥራዬ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ፣ በሥራ ላይ ጉዳት ይመዝገብልኝ" ብለህ በጽሑፍ አስገባ፣ በኮፒው ላይም ተቀባዩ ፈርሞ ቀን ይጻፍበት። እምቢ ካሉ በሪኮማንዴ (በአደራ ፖስታ) ላከው። ፈቃዱን አንዴ ሞልተህ ከሆነም ጉዳይህ ሞተ ማለት አይደለም፣ ደብዳቤውን አሁንም አስገባ።

የሕክምናውን ወጪስ ማን ይችላል?

አሠሪው። ጠቅላላም ልዩም ሕክምና፣ ቀዶ ጥገና፣ ሆስፒታል መተኛት፣ መድኃኒት፣ አስፈላጊ ከሆነ ሰው ሠራሽ አካልና መሰል ድጋፍ። የሚቆመውም የሕክምና ቦርድ ሲወስን እንጂ ሂሳብ ሹሙ ሲሰለቸው አይደለም። ደረሰኝ አትጣሉ። የታክሲውን ጭምር ጻፉት፣ ባይከፈልም የተመላለሳችሁበትን ቀን ያስረዳል።

አልድንም ተባልኩ። ካሳው ስንት ነው?

መጀመሪያ የሕክምና ቦርድ አይቶህ ጉዳቱ ጊዜያዊ ነው፣ ዘላቂ ከፊል ነው ወይስ ዘላቂ ሙሉ ነው የሚለውን ይወስናል፣ መጠኑንም በመቶኛ ያስቀምጣል። አንድ ሐኪም ብቻውን የጻፈው ወረቀት ለዚህ አይበቃም። ቦርዱ በተቻለ መጠን ጉዳቱ በደረሰ በ12 ወራት ውስጥ መወሰን አለበት።

ከዚያ ሁለት መንገድ አለ። የጡረታ ሽፋን ካለህ፣ ማለትም በየወሩ ከደመወዝህ 7 በመቶ እየተቆረጠ አሠሪው 11 በመቶ ጨምሮ የሚያስገባልህ ከሆነ፣ የጉዳት ጡረታው ወይም የአንድ ጊዜ ክፍያው በጡረታ ሕጉ ይታያል፣ የግል ድርጅት ከሆነ ጉዳዩ የሚሄደው ወደ የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው። ሽፋን ከሌለህ አሠሪው ራሱ ይከፍላል፣ ዘላቂ ሙሉ ጉዳት ከሆነ የዓመት ደመወዝህን አምስት እጥፍ፣ ከፊል ከሆነ ከዚያው ላይ እንደ መቶኛው። የ8,000 ብሩ ሰው የዓመት ደመወዙ 96,000 ነው፣ አምስት እጥፉ 480,000። ቦርዱ 30 በመቶ ካለው 144,000 ብር ይደርሰዋል። የኅብረት ስምምነት ካላችሁ ደግሞ እሱን አንብቡ፣ አንዳንዱ ከዚህ የተሻለ ይሰጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ከደመወዙ 7 በመቶ ሲቆረጥበት ከርሞ አንድም ሳንቲም ገቢ ሳይሆንለት የቀረ ሰው አውቃለሁ። ጤነኛ ሳላችሁ ገቢ መሆኑን ሄዳችሁ አጣሩ።

ቦርዱ የሰጠኝ መቶኛ በጣም አነሰ። ወይም ያኔ 15 ተባልኩ፣ አሁን ግን ብሶብኛል።

ውሳኔው ድንጋይ ላይ አልተጻፈም። ሁኔታህ ከከፋ ወይም መጀመሪያውኑ በስሕተት ከተመረመርክ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ትችላለህ። ከተሻለህም አሠሪው ይህንኑ ሊጠይቅ ይችላል፣ እሱንም እወቅ።

እስከ መቼ ድረስ መጠየቅ እችላለሁ?

ይርጋው፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ አንድ ዓመት ነው። ሰውን የሚበላው ይኼ ነው። "ጋሼ ይከፍሉኛል፣ ቃል ገብተውልኛል" እያለ አሥራ አራት ወር የጠበቀ ልጅ ነበር፤ ፍርድ ቤት ሲደርስ የተቀበለው አንዲት ቃል ናት፤ ይርጋ። የቃል ተስፋ ይርጋ አያቋርጥም። አሠሪው መብትህን በጽሑፍ ካመነ ወይም በከፊል ከከፈለህ ግን ይቋረጣል። ስለዚህ "እንከፍልሃለን" ሲሉህ "እግዜር ይስጥልኝ፣ እባክዎ በደብዳቤ ያድርጉልኝ" በል።

ሥራ ከለቀቅኩ ቆይቻለሁ። በሽታው የታወቀው አሁን ነው። ጊዜው አልፏል?

የግድ አይደለም። ለበሽታ ሕጉ ጉዳት ደረሰ የሚለው በሽታው የታየበትን ቀን ነው፤ መሥራት ያቃተህ የመጀመሪያው ቀን፣ ወይም ሐኪም መጀመሪያ ያረጋገጠበት ቀን። የድንጋይ አቧራ የሚያመጣው ሲሊኮሲስ ሥራ ከተተወ ከዓመታት በኋላ ብቅ ሊል ስለሚችል ይህ አንቀጽ ብዙ ሰው ያድናል። ግን ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ሰዓቱ እየቆጠረ ነው፣ አትቀመጥ።

የጽሑፍ ውል የለኝም፣ የቀን ሠራተኛ ነኝ።

ውል በጽሑፍ አለመሆኑ መብትህን አያሳጣህም። እዚያ መሥራትህን የሚያሳይ ነገር ብቻ ፈልግ፦ ባጅ፣ የፈረምክበት የክፍያ ወረቀት፣ በባንክ ወይም በቴሌብር የገባልህ ደመወዝ፣ አብሮህ የሠራ ምስክር። የሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሰውም እንደዚሁ ነው።

መተማ ሰሊጥ እርሻ ላይ ሳለሁ ወባ ያዘኝ። ይህስ?

ይሄ ብዙ ጊዜ አይሳካም። በአካባቢው የተለመደ ወይም በወረርሽኝ የመጣ በሽታ እዚያ ስለሠራህ ብቻ በሥራ ምክንያት የመጣ አይባልም። ልዩ የሚሆነው ሥራው ራሱ ያንን በሽታ መዋጋት ለሆነ ሰው ነው።

ታምሜ ሳለሁ አባረሩኝ።

ስንብቱ የካሳ መብትህን አያጠፋም፣ ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ወደ ሥራ መመለስ ከፈለግክ ግን በሦስት ወር ውስጥ ክሰስ። ከስንብት ጋር የሚመጡ ክፍያዎች ደግሞ በስድስት ወር ይታገዳሉ። ክሊራንስ ሲያስጨርሱህ "ከእንግዲህ ምንም የምጠይቀው የለኝም" የሚል ወረቀት በመሃል ይገባል። ሳታነብ አትፈርም። ቸኮልክም ደከመህም፣ ቤትህ ወስደህ አንብበው።

ወዴት ነው የምሄደው? ገንዘብ የለኝም።

በቅድሚያ ማኅበራችሁ ካለ እሱ ጋ። ከዚያ በአካባቢህ ወዳለው የሥራና ክህሎት ቢሮ፣ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ላክልኝ በል፤ አሠሪው በሽታና አደጋን የመመዝገብና የማሳወቅ ግዴታ አለበትና መዝገቡን ያዩታል። ካልሆነ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት። የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፣ ችሎቱም በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዛል፣ ቀጠሮው ግን ያው እንደምታውቁት ነው። ይግባኝ 30 ቀን ነው። ጠበቃ ማቆም ካልቻላችሁ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው፣ ሴቶችን ደግሞ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ይረዳል።

የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። እህቴ ደግሞ የቤት ሠራተኛ ናት።

እናንተን 1156 አይሸፍናችሁም። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ አዋጅና ጡረታ አለው፣ ጉዳት ግን እዚያም ካሳ አለውና ዝም አትበል። የቤት ሠራተኛዋ ነገር ያሳዝናል፣ በበረኪና ስታጸዳ ሳንባዋ ቢቃጠል ይህ አዋጅ አያያትም። በኤጀንሲ ወደ ዓረብ አገር የሄደች ከሆነች ግን በውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ኤጀንሲው ከአሠሪዋ ጋር ተጠያቂ ስለሆነ ውሏን ይዛችሁ ኤጀንሲውን ጠይቁ።

አባታችን በዚሁ በሽታ አረፈ። ምን ይደረጋል?

ነፍሱን ይማር። በሥራው ምክንያት ከሆነ የትዳር ጓደኛውና ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቹ፣ ይጦራቸው የነበሩ ወላጆቹም፣ የጥገኞች ክፍያ ይገባቸዋል። የቀብር ወጪም አሠሪው ላይ ነው። በሽታው በሕይወት ሳለ ካልታወቀ የሞተበት ቀን ራሱ ጉዳቱ የደረሰበት ቀን ሆኖ ይቆጠራል። የሐዘን ሰሞን ወረቀት መፈለግ እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ግን ከአርባው በኋላ አንድ ዘመድ ተመርጦ የሆስፒታል ካርዱን ያውጣ።

ገና አልታመምኩም። ምን ላድርግ?

ስትቀጠሩ የጤና ምርመራ ተደርጎላችኋል አይደል? ራጅ ተነሥታችሁ፣ ጆሯችሁ ታይቶ ከሆነ ኮፒውን ጠይቁ። ድርጅቱ ያን ጊዜ ያስመረመራችሁ ለራሱ ነው፣ ነገር ግን ጤነኛ ሆናችሁ እንደገባችሁ ከዚያ የተሻለ የሚመሰክር የለም። አንድ ደብተር ግዙ፣ ክፍል ስትቀይሩ፣ አዲስ ኬሚካል ሲመጣ፣ ክሊኒክ ስትሄዱ በቀኑ ጻፉ። ጩኸት ያለበት ቦታ የምትሠሩ ከሆነ ቤት ውስጥ "ቴሌቪዥኑን ቀንስ" እያሉ ሲጨቀጭቋችሁ አትናደዱ፣ ጆሯችሁን አስመርመሩ። ራጁን ደግሞ ፍራሽ ሥር አታስቀምጡት። የእኚያ ጥጥ ክፍል የነበሩት እናት ራጅ የወጣው ከፍራሽ ሥር ነበር፣ በግማሹ ተሰንጥቆ፣ ሐኪሙ ሁለቱን ቁራጭ በመብራቱ ላይ ገጥሞ ሲያነብ ቆመን ጠበቅነው።